ግራ በኩል ነው ክዳኑ

ሐሙስ ነው፤ ሂርማታ ጢም ብሎ ሞልቷል፣
ሰው ዝንጅብል ያሸታል፣ ሰው ሙዝ ያማርጣል፣
እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ከውራጁ ክምር
የሞተ አሻንጉሊት ስቆፍር፣ ስቆፍር፣
ጎማ የሌላት መኪና፤ ሪሞቷ ግን ደህና።
"መቶ ሃምሳ" አለ ልጁ። አየኋት እንደገና፦
ሁለት ዘንግ አላት፣ አንድ ግራ፣ አንድ ቀኝ፣
አንቴናዋ ጎብጧል፤ እሱስ ምን ገደደኝ።

"ሽንኩርቱስ?" አለች ሙኒራ ፌስታሉን ዳብሳ።
ሁለት ሞተር አለ። ሽንኩርቱ ተረሳ።

ቀን ቀን አጂፕ ጋ የሰው ስልክ እፈታለሁ፣
ማታ ዝናቡ ጣሪያውን ሲወቅጥ ለራሴ እሠራለሁ።
ገላው የዘይት ጣሳ፣ በመቀስ የተቀደደ፣
አፈሙዙ የጃንጥላ ዘንግ፤ ጅማ ላይ ደግሞ
የተሰበረ ጃንጥላ መቼ ተወደደ!
ሰንሰለቱ የብስክሌት፤ እንዳያንሸራትት
የበረባሶ ጎማ በየመሀሉ ገባበት።

ለእግሩ አባ ፊጣ ዘንድ ሄድኩ፣ በርጩማ ጠራቢው ጋ፣
አስር ክብ ዋንዛ፣ ሁሉም እኩል፣ የለስላሳ ቆርኪ ሁለት እጥፍ።
"በርጩማ" አለኝ "በሦስት እግሩ ንጉሥ ያስቀምጣል፤
ይኼ ምን ቢበድል ነው አስር እግር የሚያበቅል?"
ሳቀ፤ ጠረበ። ሒሳቡ ላይ ግን አልሳቀም።

የመጀመሪያው ለት፣ ጅራቱን እንደሚያባርር ውሻ
አስር ጊዜ ዞሮ ቆመ ከአልጋው መጨረሻ።
ሽቦው ተገልብጧል። ፈታሁ። መልሼ በስታኞ ያዝኩ።
የግራው ሞተር ሰነፍ ነው፤ ከካሴት ማጫወቻ ነቅዬ ሌላ ተካሁ።
ጣቴን አቃጠልኩ። "አበጀህ" አለች ሙኒራ፣
ከዚያ ውሃ አመጣችልኝ።

እሑድ አባራ። ግቢው ገና ጭቃ ነው፤
ከአጥሩ ማዶ ተደግፎ አስር አለቃ በዳሳ አየው።
ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነው። የማውቀው
የወፍጮ ቤት ዘበኛ መሆኑን፣ ክረምት ሲገባ ወገቡን እንደሚያመው።
"አስር አለቃ" የሚሉት ከምን እንደመጣ
ጠይቄው አላውቅም።

"የነጂው ክዳን ግራ በኩል ነው" አለ።
"አንተ ቀኝ አደረግከው።"
ትንሽ ቆይቶ ደሞ፦
"አንደኛና ሁለተኛው ጎማ መሀል ክፍተት አለ፣ ልጄ፣
የፊት ጥርሱ እንደወለቀ አፍ።"

ሪሞቱን ሰጠሁት።
አውራ ጣቱን አላዘዘም፤ ሁለቱን ዘንግ በጡጫ ሊጨብጥ ቃጣው፣
እንዲያቆመው ብሎ ወደ ደረቱ ሳበው፤
ታንኩ ወደ ኋላ ሄደ።
"ወደ ኋላ?" አለ። "እንዲህ በቀላሉ?"
ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፣ ድዱ እስኪታይ።

ኩሬው ጋ ሲደርስ ሰመጠ፤ ሰንሰለቱ በባዶ ጭቃ ይረጫል።
በዳሳ ዝም አለ።
ኢክራም፣ የስድስት ዓመት ልጄ፣ ሮጣ
በሁለት እጇ አነሳችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው።
"በቃ?" አላት።
"በቃ" አለችው።
"እኛ ሦስት ቀን . . ." ብሎ ተወው።

ሪሞቱን ሲመልስልኝ ወደ ጣሳው አጎነበሰ፦
"ውስጡ ማን አለ?"
"ማንም። ባትሪ ብቻ።"
ራሱን ነቀነቀና ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሐሙስ ማለዳ በሩ ተንኳኳ።
መዳፉ ላይ የድሮ መነጽር ማጠፊያ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል።
"ክዳኑን በዚች እሰርልኝ" አለ። "ላላ አርጋት፣
ከውስጥ ሲገፏት እንድትከፈት።"
ውስጡ እኮ ማንም የለም ልለው ነበር።
አላልኩም። ገበያም አልሄድኩም ያን ቀን።

ማታ ግራ በኩል ቀድጄ፣ ስታኞ ነክቼ አያያዝኳት፣
ትንሽ ጣቴን በሆዱ አስገብቼ ገፋኋት።
ተከፈተች።
ዘጋሁ።
ደግሜ ገፋሁ።
ተከፈተች።